ለእንግዳ የተጠና መልስ

ጥር 19

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ሕፃኑ አለቃስ? ስም እስኪወጣለት ብላችሁ «አለቃ» ያላችሁት ልጅ እውነትም አለቃ ሆኖ እንቅልፍ እንደነሳችሁ ሾፌሩ ቀስበል ሲነግረኝ ስቄ አላባራሁም። አንተም እንዲሁ ነበርክ። እናታችን ሲደክማት አዝዬህ ጓሮውን የምዞረው እኔ ነበርኩ። ዛሬ «የሚኒስቴሩ የዕቅድ ባለሙያ» ሲሉህ ስሰማ ያኔ ጀርባዬ ላይ ያደረግኸውን ለማንም አልናገርም፤ የቤታችን ገመና ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ሚጢጢም ደህና ናት። የሟች እህታችን ልጅ እንደ ስሟ ሚጢጢ ሆና አልቀረችም፤ በቁመት አልፋኝ ሄዳ አሁን ከሰሌዳው ላይ የላይ የላዩን የምታጠፋልኝ እሷ ናት። ስልክ ደውዪ ያልከኝን ተወው። ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሰማም፤ እዚያ ቆሜ የጮህኩትን ደግሞ አንተ ባትሰማው እንኳ መንደሩ ይሰማዋል። ቀስበልና የጭነት መኪናው እስካሉ ደብዳቤ ይሻለኛል። እንደ ስሙ ቀስ ይበል እንጂ መድረሱ አይቀርም።

ትምህርት ቤት የሚያሠሩት እንግዶች እንዴት ሆኑ ላልከኝ፣ አላሳፈርንህም። «ትምህርት ቤቱን እንዳለ አሳዪያቸው፣ ምንም አታዘጋጁ» ብለህ መጻፍህን አልዘነጋሁም። ለወላጅ ኮሚቴው አንብቤላቸዋለሁ። ሰብሳቢው ግንበኛ አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ይህ ወንድምሽ ከተማ ገብቶ ምን ነካው? እንግዳ ሲመጣ ጓዳውን ከፍቶ የሚያሳይ ማነው?» አለ። ሌሎቹም አብረውት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ሆዴ እሺ አላለኝም። ርእሰ መምህርት ሆኜ ልጆቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባዕድ ሲያይብኝ ታየኝና እንግዶቹ ገና ሳይመጡ አፈርኩ።

ስለዚህ ተሰናዳን። ግንበኛው ግድግዳውን ኖራ ቀባልን። ከወንዝ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ዴስክ ተዋስን፤ የማዶው ርእሰ መምህር ለዚያ ቀን የራሱን ልጆች ወደ ቤት አሰናብቶ ነው የሰጠን፣ ቀስበል ደግሞ በመኪናው አመላለሰልን። መጽሐፍ ከያለበት ለቃቅመን በፊተኛው ረድፍ ለተቀመጡት አደልን፤ የኋለኞቹ ደብተር ከፍተው አጎንብሰው እንዲጽፉ ተነገራቸው። ምን እንደሚጽፉ ግን አልነገርናቸውም፤ አንዱ ገጹን ሙሉ የዶሮ ሥዕል ሞልቶት አገኘሁ። ጣሪያው የሚያፈሰውን ክፍል ቆልፈን በሩ ላይ «ዕቃ ቤት» ብለን ጻፍን።

ልጆቹንም መልስ አስጠናኋቸው። መጽሐፍ ይበቃችኋል? ይበቃናል። ወንበርስ? ሞልቷል። ስምንተኛን ስትጨርሱ የት ትማራላችሁ? ዘጠነኛ ክፍል እንገባለን። በዚህች ላይ ሚጢጢ አስቸገረችኝ። «እዚህ እኮ ዘጠነኛ የለም» አለች፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት። «እንግዶቹ ሲሠሩት ይኖራል» አልኳት። «እንግዲያው ሲሠሩት እላለሁ» አለችኝ። የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ፤ እናቷም ቢገድሏት አትዋሽም ነበር። ጓደኞቿ ሲወጡ አስቀርቼ ደጋግሜ አስባልኳት። አንገቷን ደፍታ ስትለው «ቀና ብለሽ» አልኳት፤ ቀና ብላ ስትለው «ፈገግ ብለሽ» አልኳት። በስተመጨረሻ እኔ ራሴ እስካምናት ድረስ አለችው።

ቀኑ ደርሶ መጡ። የሁሉም የበላይ ያቺ ሰፊ ኮፍያ ያደረገችው የለጋሾቹ ሴት ናት፤ ልጆቹ ወዲያው «ባለኮፍያዋ» አሏት። ከዚያ ሁሉ ልጅ መርጣ የጠየቀችው ሚጢጢን ነው። አስተርጓሚው ሳይጨርስ ሚጢጢ ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ «ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ» አለቻት። ባለኮፍያዋ ደስ ብሏት አቅፋት ፎቶ ተነሳች። ግንበኛው ከኋላ ቆሞ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

እንግዲህ የምንጠብቀው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍሎችን ነው። ግንበኛው ቦታውን በእርምጃ ለክቶ ከአሁኑ ካስማ ተክሎበታል። አንተም ታውቀዋለህ፣ እዚህ ስምንተኛን የጨረሰ ወንድ ድንጋይ ሊፈልጥ ይወርዳል፣ ሴቷ በሰው ቤት ልጅ አዝላ ትቀራለች። ሚጢጢ ዘንድሮ ስምንተኛ ናት። የእሷ ነገር ያስጨንቀኛል። መልካሙን ቶሎ አሰማኝ።

እህትህ


መጋቢት 11

እታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ያመመሽ ጥርስስ? ሚጢጢ እንዴት ናት? ግንበኛው ሰብሳቢሽስ? የጎረቤታችን ላም ወለደች? ቀስበልስ፣ መኪናውን አሁንም ዳገት ላይ ጎማዋ ሥር ድንጋይ እያደረገ ነው የሚያቆማት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አለቃ ጥርስ አብቅሎ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ያለ ደመወዝ አራዝማ ቤት ተቀምጣለች፤ የሚታመን ሞግዚት ማግኘት እንዲህ መከራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

መዘግየቴን ይቅር በዪኝ። መልስ ስጀምር ስተው ከረምኩ። አንድ ቀን ሥራ በዛ፣ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ፤ ለሰበብ መቼ አንሼ አውቃለሁ።

ሪፖርቱ ወጥቷል። የተጎበኙት ትምህርት ቤቶች በቀለም ተለይተዋል። ቀይ ማለት አስቸኳይ ግንባታ የሚያስፈልገው፣ ቢጫ ጥገና የሚበቃው፣ አረንጓዴ ደግሞ በራሱ የቆመ ነው። የአንቺ አረንጓዴ ሆኗል። የግንባታው ገንዘብ ለቀዮቹ ነው። እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ ነፍስ ይማር፣ አላወቅኩም።

ባለኮፍያዋ በስብሰባው ላይ ስለ ትምህርት ቤትሽ ተናገረች። «ምንም ሳይኖራቸው ይህን ከሠሩ፣ የእኛ ገንዘብ የባሰባቸው ዘንድ ይሂድ» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን የት ላድርገው? እታለም፣ እንዳለ አሳዪያቸው ብዬ ነበር። ልወቅስሽ አይደለም። ግን ብዬ ነበር።

የሚጢጢ ፎቶ የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ወጥቷል። ከሥሩ «ተደራሽ ትምህርት ለሁሉም ሴት ልጆች» ይላል። በጣም ታምራለች፤ እናቷን ቁርጥ። አንድ ቅጂ ልኬላታለሁ። ለትምህርት ቤትሽም የአርአያነት የምስክር ወረቀት ይመጣል። ሌላም ያሰብኩት ነገር አለ፤ እሱን ለቀስበል በቃል ነግሬዋለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 4

ወንድም ዓለም፣

የሰላምታህን ርዝመት ሳይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ጎረቤት ላም የሚጠይቅ ሰው ደህና ወሬ የለውም። ላሟ ወልዳለች። ጥርሱንም አስነቅዬዋለሁ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

የምስክር ወረቀቱ ደርሶናል። የአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በመስታወት አስገጥሞ ራሱ ይዞት መጣና ንግግር አደረገ። ሚስማር የሚይዝ ግድግዳ ሲፈልግ ሲፈልግ ያገኘው ያንኑ «ዕቃ ቤት» ያልነውን ክፍል ነው፤ እዚያ ሰቅሎት ሄደ። ዝናቡ ሲጀምር ከልጆቹ ጋር አብሮ ይረጥባል።

ከመሄዱ በፊት ለብቻው ይዤው፣ «ዴስኮቹ የተዋስናቸው ነበሩ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ይህንን ጽፈህ አሳውቅልን» አልኩት። አየኝ አየኝና፣ «እትዬ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላየሁት ጉድ የለም፤ አረንጓዴ የሆነ ሰው ቀይ አድርጉኝ ብሎ ሲለምን ግን ገና ዛሬ አየሁ» አለኝ። በእኛ ምክንያት ሹመት አግኝቷል ይባላል። የማዶው ትምህርት ቤትም አረንጓዴ ሆኗል። እንግዶቹ በማግስቱ ወደ እነሱ ሲሻገሩ ዴስኮቹን ቀድመን መልሰን፣ የእኛን ካርታና የግድግዳ ሰዓት ጨምረን አውሰናቸው ነበር። በአንድ ዴስክ ሁለት አረንጓዴ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ስለ እኔ መሆኑን አላወቅኩም።

«ብዬ ነበር» ብለሃል። ብለህ ነበር፤ እውነትህን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ተናገር። «ርእሰ መምህርቷ እህቴ ናት፣ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ያ ሁሉ ለእንግዳ የተደረገ ነው» በል። ምን ታጣለህ? ግንበኛው እስካሁን ካስማውን አልነቀለም። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት በካስማዎቹ መሀል ገብተው ዘጠነኛ ክፍል እየተጫወቱ ነው። አንዱ አስተማሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይኸ ነው፤ ወተቷን ግን ማን አየ?

ሚጢጢን ላኪልኝ፣ ላስተምራት ማለትህን ቀስበል ነግሮኛል። በቃል የላክኸው መጻፉ አሳፍሮህ እንደሆነ አላውቅም። እምቢ አላልኩም። ግን እሷን ከላክሁ የሌሎቹን ሴቶች ልጆች ዓይን እንዴት አድርጌ አያለሁ? ሚኒስቴር ውስጥ አጎት የሌላት የት ትግባ? ሪፖርታችሁ ላይ የዚያ መልስ ካለ ገጹን ንገረኝ።

እህትህ


ግንቦት 21

እታለም፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል አልልም፣ ግን ተቀብያለሁ።

ምን ታጣለህ ላልሽኝ ልመልስልሽ። ከተናገርኩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን ትምህርት ቤት ለጉብኝት ማን መረጠው?» የሚል ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የእህቴ መሆኑን ሳልተነፍስ። ቀጥሎ ባለኮፍያዋና ባልደረቦቿ ተታለልን ብለው ገንዘቡን ቢያነሱ የቀዮቹም ይቀራል። አንድ ትምህርት ቤት አገኛለሁ ብዬ የሁሉንም ባስቀርስ? ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አንቺም እመኚልኝ። ደግሞም ተደራሽነት ደረጃ በደረጃ ነው የሚረጋገጠው። በሚቀጥለው የዕቅድ ዘመን አረንጓዴዎቹም የሚታዩበት አቅጣጫ አለ። ስታነቢው ከንፈርሽን ስትመጪ ታየኝ።

ሚጢጢን ግን ላኪልኝ። የምንኖርበት ፎቅ ከሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ነው። ደወሉ ሳሎናችን ውስጥ ይሰማል፤ ሰልፉ በመስኮት ይታያል። መንገድ ተሻግራ መግባት ብቻ ነው። ባለቤቴም ደስ ብሏታል፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ቶሎ ትምጣ የምትለው እሷ ናት። አንቺ አዝለሽ ያሳደግሽኝ ሰው የእህታችንን አንድ ልጅ ማስተማር ካቃተኝ ምን ሰው ተባልኩ?

የሌሎቹን ልጆች መልስ ሪፖርቱ ውስጥ ገጽ በገጽ ፈለግኩት፤ የለም።

ወንድምሽ


ነሐሴ 27

ወንድም ዓለም፣

ሚጢጢን ልኬልሃለሁ። ቀስበል ጋቢና አጠገቡ አስቀምጦ ያመጣልሃል። የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከአካባቢው ሁሉ በልጣ አልፋለች፤ ይህንን እሷ አትነግርህም ብዬ ነው የምጽፈው። ቀለሙን በነገርከኝ መሠረት የዚያን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍቼላታለሁ። ጫፉን ሰፋ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ ስታድግ ፍቱላት።

ጓደኞቿ እስከ መንገዱ ሸኟት። በክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ግን አልመጣችም፤ እሷ ቀደም ብላ ለሥራ ሄዳለች። ምን ሥራ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። የቀሩት የመኪናው አቧራ እስኪጠፋ ቆመው ቆዩ፤ እኔም ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገርህ። ቢርባት «ጠግቤያለሁ» ትላለች፣ ቢያማት «እንቅልፌ መጣ» ትላለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ዘንድሮ ነው ያመጣችው። ስለዚህ ደህና ነኝ ስትልህ አትመናት፤ ዓይኗን እይ። መሸኛዋን ማኅተም አስመትቼ በቦርሳዋ አድርጌላታለሁ። በየወሩ የተማረችውን ራሷ እንድትጽፍልኝ አድርግ። ልጅቷ አደራ ናት፤ እናቷ ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔ ለአንተ ሰጠሁህ። አደራ በላ አትሁንብኝ።

እህትህ


ጥቅምት 16

እታለም፣

ዝም ማለቴን ይቅር በዪኝ። ሚጢጢ በሰላም ገብታለች። ቤቱን ወዲያው ለመደችው። አለቃ ከእሷ ሌላ ሰው ያለ አይመስለውም፤ ሲያጣት ያለቅሳል፣ ሲያያት እጁን ይዘረጋል። ምግብ እንዴት ነሽ ስላት «ጠግቤያለሁ» ትላለች።

ተመዘገበች ወይ ብለሽ በቀስበል ላስጠየቅሽኝ፣ ምዝገባው ላይ ትንሽ እክል ገጥሞናል። የመሸኛዋ ማኅተም ደብዝዟል ብለው መለሱት። እሱ እስኪጣራ ምዝገባው ተዘጋ። እኔም የዓመቱን የተደራሽነት ዕቅድ ለማጽደቅ ስብሰባ ላይ ሰነበትኩ። የሚኒስቴር ሰው ነኝ ብዬ ሰልፍ ማለፍ ደግሞ ደስ አይለኝም፤ አሠራሩን የጻፍነው እኛው ነን፣ እኛው ካላከበርነው ማን ያከብረዋል? የማታ ትምህርት አለ ይላሉ፤ ለሴት ልጅ ግን ማታ ማታ መውጣት ያሰጋል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሆነ መላ ይፈጠራል።

ልትጽፍልሽ ፈልጋ ነበር፣ ግን ጊዜ አጣች። ደህና ነኝ በልልኝ ብላለች። አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ፦ ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቤታችን ትንሽ ተንፈስ አለ።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ወንድሜ፣

ሰላምታ አላበዛም። ማኅተሙ ደበዘዘ ካልክ አዲስ መሸኛ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ማኅተሙን ራሴ ነኝ የመታሁት፤ ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። የራስን ጥፋት ወደ ማኅተም ማላከክ ገና በአንተ አየሁ፤ የእምዬን ወደ አብዬ ሲባል ነው የሰማሁት።

ትምህርት ያልጀመረች ልጅ ጊዜ ያጣችው ምን ይዟት ነው? ባለቤትህ ሥራ ገብታለች፤ እንኳን ደስ አላት። አንተ ቢሮ ነህ። አለቃን ማን ይዞት ነው?

ይህችን ብቻ መልስልኝ። ስለ ጥርሴ አትጠይቀኝ።

እህትህ


ጥር 6

እታለም፣

ስለ ጥርስሽ አልጠይቅም። ደብዳቤሽን ሳነብ ተቆጣሁ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው ዛሬ አወጣሁት።

አለቃን የምትይዘው ሚጢጢ ናት። ጻፍኩት። ግን እንደምታስቢው አይደለም። እንደ ሠራተኛ ማንም አያያትም፤ ከእኛ ጋር ትበላለች፣ የራሷ አልጋ አላት፣ ባለቤቴ የራሷን ልብሶች ሰጥታታለች። የሚታመን ሞግዚት እስክናገኝ ብቻ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በላይ ብትቆይ ሥራዋን ታጣ ነበር፣ በእኔ ደመወዝ ብቻ ደግሞ በዚህ ከተማ አይኖርም። አንቺስ እኔን አዝለሽ አላሳደግሽኝም? ቤተሰብ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ አንዱን ይሸከማል። አዲሱ መሸኛም ደርሶኛል፤ ለሚቀጥለው መስከረም ያገለግላል።

እንዳትከፊ እስቲ የሚያኮራሽን ልንገርሽ። ባለኮፍያዋ ለዓመታዊው ስብሰባ መጥታ ነበር። የሽፋኗ ልጅ የት ደረሰች ብላ ቀደም ሲል ጠይቃኝ፣ እኔ ቤት ሆና እየተማረች ነው ብያት ስለነበር ካላየኋት አልሄድም አለች። እራት ጋበዝናት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዬም አብሮ መጣ። ባለቤቴ ለሚጢጢ ያንን የሰፋሽላትን ዩኒፎርም አለበሰቻት፤ ልክክ አለባት። አለቃን ያን ዕለት ለጎረቤት ሰጠነው።

ሚጢጢ ውኃ ስትቀዳ ባለኮፍያዋ እጇን ይዛ፣ «አሁን ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ኃላፊዬ ተቀምጧል፣ ባለቤቴ ሳህን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ምንም አላስጠናናትም ነበር፤ እንዲህ ትጠይቃለች ብዬ አላሰብኩም። ሚጢጢ ግን ምንም አልተደናገጠችም። ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ «ዘጠነኛ ክፍል ነኝ» አለች። «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስትላት፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ መጽሐፍም ይበቃናል» አለች። ባለኮፍያዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። በማግስቱ ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብ እንፈርማለን ብላ ሄደች፤ እኔንም የክፍል ኃላፊ አድርገው ሊሾሙኝ ነው።

ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ «አመሰግናለሁ» አልኳት። «ምንም አይደል አጎቴ፣ እንግዳ ነበረች እኮ» አለችኝ። ልጅ እንዲህ ገመና ከታች ሆና የምታድገው አሳዳጊ ሲኖራት ነው። አሳድገሻታል።

ወንድምሽ


ጥር 20

ወንድሜ፣

አዎ፣ አዝዬሃለሁ። አንተን አዝዬ ግን ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። አስተማሪው በሩ ሥር እንድቀመጥ ፈቅዶልኝ፣ ስታለቅስ ይዤህ እወጣለሁ፣ ዝም ስትል እገባለሁ። ግማሹን ትምህርት የሰማሁት በመስኮት ነው፤ ግን ሰማሁት። እናታችን ድሃ ነበረች እንጂ የትምህርት ቤቱን ደወል እየሰማሁ ቤት እንድውል አላደረገችኝም። የእናንተ ሳሎን ውስጥ ደወሉ ይሰማል ብለህ ጽፈህልኛል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደወል እኔ ርእሰ መምህርት ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

ከጻፍከው ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን የሚጢጢን መልስ ነው። ምንም አላስጠናናትም ብለሃል። አስጠንቻታለሁ እኮ። ጓደኞቿ ሲወጡ አስቀርቼ፣ ቀና በዪ፣ ፈገግ በዪ እያልኩ፣ እኔ ነኝ ያስጠናኋት። «የለም እኮ» ስትለኝ እንደ ጥፋት ቆጥሬ አረምኳት። ስምንት ዓመት ካስተማርኳት ውስጥ አንተ ቤት የጠቀማት ትምህርት ያ ብቻ ሆነ። አሳድገሻታል አልከኝ፤ ከአንተ አፍ እንደዚህች ቃል ያቃጠለችኝ የለችም። አንተን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ዝም የምልበት ሆድም የለኝም።

ግንበኛው ትናንት ካስማዎቹን ነቀለ። ለምን ስለው፣ «ልጆቹ እየተደናቀፉባቸው ነው» አለኝ። ከእኔ ሌላ የጠየቀው ሰው የለም፤ ልጆቹም ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ ከቀስበል ጋር እመጣለሁ። ምንም አታዘጋጁ። ዩኒፎርሙን አታልብሷት፣ አለቃንም ከጀርባዋ አውርዳችሁ ለጎረቤት አትስጡት። ቤቱን እንዳለ ልየው። ከባለቤትህ ጋር አልጣላም፤ የእሷም ጭንቀት ይገባኛል። ልጄን ይዤ ነው የምመለሰው።

«ወዴት ትወስጃታለሽ? እዚያ ዘጠነኛ የለም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የለም። ከመኪናው ስንወርድ አንድ ሰው ስንተኛ ክፍል ደረስሽ ቢላት «እዚህ እኮ ዘጠነኛ የለም» ትበለው። እኔም ከእንግዲህ አላርማትም።

እህትህ